የበድሪ ፌንጣ

ሌላው ሰው መኪና ይገዛል፤ በድሪ ይሠራል። እስካሁን ሦስት ሠርቷል። ሦስቱንም ጭሮ ውስጥ፣ ከቤቱ ጓሮ ባለው የቆርቆሮ ዳስ፣ ሦስቱንም ከነጋሽ ጋር። በድሪ ያስባል፣ ነጋሽ ይበይዳል። ሥራውን እንዲህ ተከፋፍለው ሁለቱም አረጁ።

ነጋሽ ብዙ አይናገርም። ዕድሜውን በብየዳ ጭንብል ሥር ስላሳለፈ ይሆናል፤ ጭንብሉን ሲያወልቅም ከፊቱ ብዙ አይነበብም። ግን ያያል። የሚያየውን ሁሉ አይናገርም፤ ሳያይ ግን የሚናገረው የለም።

ሁለቱን ያገናኛቸው የጫት መኪና ነው። በድሪ ሾፌር፣ ነጋሽ ረዳት ሆነው ከሂርና ጫት ጭነው ድሬዳዋ ያደርሱ ነበር። ጫት አይጠብቅም። ፀሐይ ካገኘው ይጠወልጋል፤ የጠወለገውን ከፍየል በቀር የሚፈልገው የለም። ስለዚህ በሥራው አንድ ደንብ ነበረ። ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሾፌር በራሱ አይቆምም። ገመዱ መላላቱን፣ ጎማው መተንፈሱን የሚያውቀው ከኋላ ጭነቱ ላይ የተቀመጠው ረዳት ነው። ረዳቱ የመኪናውን የብረት አካል፣ ላሜራውን፣ በመዳፉ አንዴ ከመታ መኪናው ይቆማል፤ ሁለቴ ከመታ ይሄዳል። ረዳቱ ሳይመታ የቆመ ሾፌር ፈራ ይባላል፤ ፈራ ለተባለ ሾፌር ጭነት የሚሰጥ የለም። ረዳቱ መትቶ ያልቆመ ሾፌር ደግሞ ሌላ ረዳት አያገኝም።

ነጋሽ መትቶ በድሪ ሳይቆም የቀረበት ጊዜ የለም። ለምን አስቆምከኝ ብሎም ጠይቆት አያውቅም። መጀመሪያ ይቆማል፤ ወርዶ የሚያየው ከቆመ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዋን መኪና የሠሩት ነጋሽ ረዳትነቱን ትቶ ብየዳ ቤት በከፈተ ጊዜ ነው። ሞተሯ ከተጣለ ፊያት፣ ሻንሲዋ ከቱቦላሬ። በር የላት፣ ጣሪያ የላት። የበድሪ ሚስት ሉባባ ከኩሽና ወጥታ አየቻት።

"ይሄ መኪና ነው የዶሮ ቤት?" አለች።

"የሚሮጥ የዶሮ ቤት ነው" አለ በድሪ።

የሚሮጠው ደግሞ በአሮጌው መንገድ ላይ ነው። አስፋልቱ ሲሠራ የተተወ የጠጠር መንገድ አለ፤ ከድልድዩ ይነሳና እየተጠማዘዘ አፋፉ ላይ ይወጣል። በየዓመቱ ከአረፋ በኋላ ባለው እሑድ የጭሮና የሂርና ሾፌሮች እዚያ ይወዳደራሉ። ባጃጆች ይቀድማሉ፣ ሰው ይስቃል። ፒካፖች ይከተላሉ። በመጨረሻ በእጅ የተሠሩት አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ አፋፉ ላይ የተቀመጠ ሰው ሰዓት ይይዛል። ሽልማቱን አንድ ጎማ ነጋዴ ይሰጣል፤ ያው ጎማ ነው።

የመጀመሪያዋ መኪና አጋማሹ ላይ ውኃዋ ፈልቶ ቆመች። ሁለተኛዋ ጠንካራ ነበረች። ሀሚዳ ኩርባ እስኪደርሱ ድረስ የቀደማት አልነበረም። ሀሚዳ እዚያ ቦታ ላይ ሻይ ትሸጥ የነበረች ሴት ናት፤ እሷ ከሞተች ቆየች፣ ኩርባው ግን ስሟን ይዞ ቀረ። ወደ ላይ ለሚወጣ ሰው በስተግራ ገደል ነው። መኪናዋ ኩርባው ውስጥ ስትገባ ኋላዋ ተነሳ፣ ዘለለ፣ ዞረ። አቧራው ሲረግብ በድሪ የመጣበትን መንገድ እያየ ተቀምጧል። በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ ፌንጣ አላት።

ምክንያቱን ነጋሽ ያውቀዋል። በድሪም ሳያውቀው አይቀርም። በድሪ ለሚሠራት መኪና ሁሉ ከኋላ ጭነት ተሸካሚውን የፒካፕ ባሌስትራ ያስገባል፤ ወፍራሙን፣ ጫት በጫት ላይ ተቆልሎበት የማይጎብጠውን። እንዲህ ያለ ባሌስትራ ባዶውን ድንጋይ ሲያገኝ ይዘላል።

"ምን ልትጭንባት ነው?" ብሎት ነበር ነጋሽ፣ ሦስተኛዋን ሲጀምሩ። "ይሄ እኮ ጭነት ይፈልጋል።"

"ባዶ መኪና መኪና አይደለም።"

"ያ በድሪ፣ ውድድር ነው እኮ።"

"ይሁና። በየድ።"

ነጋሽ በየደ። በድሪ ሰላሳ ዓመት ከጀርባው ጭነት ተቀምጦ ነድቷል። እጁ የሚያውቀው የተጫነ መኪና ነው። የባዶ መኪና መሪ ሲይዝ ጫማውን ሳያደርግ ገበያ እንደወጣ ሰው ይሆናል። ይህን ከሰው ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ሦስተኛዋም ገና ከዳሱ ሳትወጣ ፌንጣ ተባለች።

"ይቺ የመጨረሻዬ ናት" አለ በድሪ። "ሀሚዳን ካለፍኩ ወላሂ ይበቃኛል።"

ነጋሽ የበድሪን ዓይን ነገር ያየው ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው።

መጀመሪያ በሻይ ብርጭቆ ነበር። ሉባባ ብርጭቆውን በግራው በኩል ስታስቀምጥለት በድሪ አያነሳውም፤ በቀኝ ስታስቀምጥ ያነሳል። ቀጥሎ በብሎን መፍቻ ቁልፎቹ። ድሮ አሥራ ሦስቱን ከአሥራ አራቱ ቆሞ የሚለይ ሰው፣ አሁን ቁልፉን በአውራ ጣቱ ዳብሶ ነው የሚያነሳው። ከዚያ አንድ ቀን መኪናዋን ከግቢ ሲያወጣ በግራ በኩል የብረት በሩን ገጭቶ የስፖኪዮዋን፣ የጎን መስታወቷን፣ አንገት ሰበረው።

በድሪ ወርዶ በሩን አየ።

"ጠቦ ነው" አለ።

በሩን የሠሩት ሁለቱ ናቸው። የለካው በድሪ ነው፤ የጫት መኪና ከነጭነቱ ይገባበታል። ነጋሽ በሩንም በድሪንም አየና ስፖኪዮውን ሊበይድ ጭንብሉን አጠለቀ። ጭንብል ለእንዲህ ያለ ጊዜም ይጠቅማል።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የነጋሽ እንቅልፍ ቀነሰ። ነገሩ ግልጽ ነው። የሀሚዳ ኩርባ ገደሉ በግራ ነው። የማያየው ዓይን ግራው ነው። እሑድ በድሪ መሪ ላይ ከተቀመጠ፣ ፌንጣዋ ደግሞ እንደ ልማዷ ከዘለለች፣ ዘንድሮ የመጣበትን መንገድ እያየ የሚቆም ሰው አይኖርም።

ሉባባም አይታለች። በሳምንቱ መጀመሪያ ብየዳ ቤት ድረስ መጣች። ጎመን ይዛ ነበር፤ ጎመኑ ምክንያት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

"ነጋሽ፣ አንተ ንገረው" አለችው። "ከኔ አይሰማም። እኔ ከተናገርኩ የሴት ፍርሃት ይሆናል።"

"ሐኪም አይቶታል?"

"ወላሂ አላውቅም። ድሬ ዘመድ ጥየቃ ብሎ ሄዶ ነበር። ምን ዘመድ? የትኛው ዘመድ? ተመልሶ ሦስት ቀን አልተናገረም።"

"እነግረዋለሁ" አለ ነጋሽ።

አልነገረውም። በማግሥቱ ሊነግረው ሄዶ፣ በድሪ ወንበሩን እንዲበይድለት ጠየቀውና ወንበሩን በየደ። ወንበሩ ወደ ፔዳሎቹ በጣም ቀርቦ ነበር።

"ጉልበትህ መሪው ሥር ሊገባ ነው" አለው።

"እርጅና ሰው ያሳጥራል" አለ በድሪ። "እዚያው ላይ በየደው።"

በሚቀጥለው ቀንም መናገር አቃተው። እንዲህ ያለ ወሬ በምን ይጀመራል? ሰውዬው ከመሪ ሌላ ምንም አልነበረውም። ስለዚህ ነጋሽ ሰነፍ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። የፊት መከላከያው ብቻ ሲቀር የብየዳ ኤሌክትሮድ አለቀ አለ። ገበያም የለም አለ። ሐሙስም የለም፣ ዓርብም የለም።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ በድሪ ብየዳ ቤቱ መጥቶ እንጨት ላይ ተቀመጠ።

"ጭሮ ኤሌክትሮድ ከሌለ ሂርና አለ" አለ።

"ሂርናም የለም።"

"መቻራስ?"

"መቻራ ቡና ነው ያለው።"

በድሪ እየተነሳ የነጋሽን አሮጌ ካፖርት ከምስማሩ አወረደ። ከሥሩ የኤሌክትሮዱ ካርቶን ተሰቅሏል።

"አንተ እኮ ረዳት ሳለህም መደበቅ አትችልም ነበር" አለ። "ጫት ኪስህ ከትተህ ቅጠሉ በአንገትህ ይወጣ ነበር። ና፣ መከላከያዋን ጨርስልኝ።"

ለምን ደበቅህ ብሎ አልጠየቀውም። ነጋሽ ያንን ልብ አለ፤ ትርጉሙን ግን ያኔ አላገኘውም።

ቅዳሜ ጠዋት ለሙከራ ወጡ። በድሪ መሪ ላይ፣ ነጋሽ ከኋላ መለዋወጫ ጎማው ላይ፤ እንደ ጥንቱ። በድሪ በዝግታ ነዳ። ኩርባ በደረሰ ቁጥር ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ያዞር ነበር፤ በቀኝ ዓይኑ የግራውን መንገድ ለማየት ነው። ሀሚዳ ኩርባ ላይ ጭንቅላቱን ሲያዞር መሪውም አብሮ ዞረና የግራው ኋላ ጎማ የመንገዱን ጫፍ ረገጠ። ጠጠር ወደ ገደሉ ወረደ። ድምፁ ለመቆም ጊዜ ወሰደበት።

የነጋሽ መዳፍ ተነስቶ ነበር። ላሜራው እዚያው ነው፣ አንዴ መምታት ብቻ። አልመታም። አሁን ከመታ የምትቆመው መኪናዋ ብቻ አይደለችም። እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

በድሪ አፋፉ ላይ አቁሞ፣ ዞር ሳይል፣ "ከኋላ ደህና ነው?" አለ።

"ደህና ነው" አለ ነጋሽ።

በድሪ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ማርሽ አስገብቶ ወረደ።

እሑድ ድልድዩ አካባቢ ሰው ሞላ። ባጃጆቹ ወጡ፣ አንዱ ቦይ ገባ፣ ሰው ሳቀ። በድሪ በካውያ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። ሉባባ ከሴቶቹ ጋር ጥላ ሥር ቆማለች፤ የምታየው በድሪን አይደለም፣ ነጋሽን ነው። ልጃቸው ሀኒፋም መጥታለች። ሀኒፋ አባቷ የተወውን ፒካፕ ይዛ ከመቻራ ጭሮ ቡና ታመላልሳለች፤ በዚያ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ሌላ መንገድ አይከብደውም። እሑድ ግን ሥራ አላት። ለምን እንደመጣች ነጋሽ ጠየቃት።

"አባ ነው ነይ ያለኝ፣ ጋሼ። ጭነት አለ አለኝ" አለች። "የምን ጭነት እንደሆነ አልነገረኝም።"

የሂርናው አብዱናስር ተራውን ጨርሶ ወርዷል። ጋራዥ አለው፤ አምናም ካቻምናም ጎማውን የወሰደው እሱ ነው። ዘንድሮም ሰዓቱ ጥሩ ነው ተባለ። ላቡን እየጠረገ ወደ ፌንጣዋ ቀረበ።

"ጋሽ በድሪ፣ ዘንድሮስ ፊቷን ወዴት ነው የሚያዞሯት?"

"ያኔ የዞረችው ሂርናን ልታይ ብላ ነው" አለ በድሪ። "አይታ ስላልወደደችው ዘንድሮ አትዞርም።"

ሰው ሳቀ፣ አብዱናስርም ሳቀ። ባንዲራ የያዘው ሰው ተራው የበድሪ መሆኑን ጠራ። በድሪ ገብቶ ተቀመጠ። ጉልበቶቹ መሪው ሥር ተጣበቁ። ቢስሚላህ ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ነጋሽ በግራው በኩል ቆሟል። በድሪ አያየውም። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፣ ግን አያየውም፤ "ነጋሽ የት ሄደ?" ብሎ ወደ ቀኝ ሲፈልገው ነጋሽ ሰማ።

ያን ጊዜ መዳፉ ራሱ ሄደ። ላሜራውን መታው። አንዴ፣ በደንብ፣ የጫት መኪና እንደሚመታው።

በድሪ ሞተሩን አጠፋ።

በድሪ እንደ ድሮው ወረደ። ዞሮ ከነጋሽ ፊት ቆመ።

"ምን አየህ?" አለ።

"ግራ ዓይንህ አያይም።"

"አዎ" አለ በድሪ። "ሞራ ቢሆን ይገፍፉት ነበር። ከነርቩ ነው ብሎኛል ሐኪሙ።"

"ታውቃለህ?"

"የኔ ዓይን አይደለም እንዴ?"

"ታዲያ ለምን አትቆምም?"

በድሪ ሳቅ አለ፤ ጥርሱ ሳይታይ።

"ሾፌር በራሱ ይቆማል?" አለ። "በሩን ስገጭ ትመታለህ ብዬ ጠበቅሁ። ትናንት ኩርባው ላይ ትመታለህ ብዬ ጠበቅሁ። ደህና ነው አልከኝ። ሉባባ ሳትቀር ታውቃለች፣ አንተ ኤሌክትሮድ ትደብቃለህ። አቦ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የዘገየኸው?"

ነጋሽ ጭንብሉን ቢያገኝ ያጠልቅ ነበር።

"ባትመታስ?" አለ በመጨረሻ።

"አንተ?" አለ በድሪ። ወደ ሴቶቹ ዞሮ፣ "ሀኒፋ፣ ነይ ግቢ" አለ።

ሀኒፋ መጥታ መሪው ላይ ተቀመጠች። እግሮቿ ፔዳሎቹ ላይ ልክ አረፉ። ነጋሽ ወንበሩን አየ፣ ብየዳውን አየ፣ በድሪን አየ።

"እርጅና ሰው ያሳጥራል" አለ።

"ያሳጥራል" አለ በድሪ።

ሀኒፋ ወርዳ መኪናዋን ከኋላ በሁለት እጇ ገፋ ገፋ አደረገቻት። ባሌስትራው ንቅንቅ አላለም።

"አባ፣ ይቺ ባዶ ናት" አለች። "ትዘላለች። እኔ ባዶ አልነዳም። ጭነቱ የታለ?"

"ይኸውና" አለ በድሪ። ራሱን ነበር ያመለከተው። ቀጥሎ ነጋሽን አመለከተ።

አብዱናስር ሳቁን መያዝ አቃተው። "ሰው መጫን ይቻላል እንዴ?" ብሎ ባንዲራ የያዘውን ጠየቀው።

ባንዲራ የያዘው ሰው አሰበ። "አይቻልም ያለ የለም" አለ። "የጠየቀም አልነበረም።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች መለዋወጫ ጎማው ላይ ወጡ። ሀኒፋ ከፒካፗ የቡና ገመዷን አምጥታ አሰረቻቸው። እንደ ጭነት ነው ያሰረቻቸው፤ በወገባቸው አዙራ፣ በሻንሲው ሥር አሳልፋ፣ ጉልበቷን የአባቷ ጎን ላይ ተክላ ሳበችው።

"ቀስ፣ ሰው ነን" አለ ነጋሽ።

"መንገድ ላይ ስትረግቡ ይላላል፣ ጋሼ" አለችው። "ጭነት ጠብቆ የሚታሰረው መጀመሪያ ላይ ነው።"

ሉባባ ከጥላው ወጥታ መጣች። ገመዱን በጣቷ ሞከረችው። ባሏን አየችው፣ ነጋሽን አየችው።

"ሁለት ኩንታል ቡና ይሻል ነበር" አለች። "ይሸጣል።"

ነጋሽ ላሜራውን ሁለቴ መታ።

ሀኒፋ እንደ በድሪ አትነዳም። በድሪ መንገዱን ይዋጋል፤ እሷ ትጠይቀዋለች። ጠጠሩ ሲቆረጣጠም፣ ሞተሩ ሲጮህ፣ ነጋሽ የሚያየው የበድሪን እጆች ነበር። ባዶ አየር ላይ መሪ ይይዛሉ። ኩርባ ሲመጣ ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው መለዋወጫ ጎማው ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ እጆቹ ወረዱና ገመዱን ያዙ።

ሀሚዳ ኩርባ መጣ። ሀኒፋ ማርሽ ቀንሳ ገባች። ነጋሽ ከግራው የገደሉን ባዶነት በጉንጩ ላይ ሰማው። ኋላዋ ድንጋይ ረገጠ። ባሌስትራው ሊነሳ ሞከረ፤ ሁለት ሽማግሌ ተጭኖታል። ጎበጥ አለ፣ ተነፈሰ፣ መሬቱን ያዘ። በዚህ ዕድሜያቸው የአንዲት ፌንጣ ክብደት ሆኑላት።

በድሪ በግራ በኩል ነበር የተቀመጠው። ገደሉ በማያየው ዓይኑ በኩል ነው፤ ወደዚያ አልዞረም።

"አለፍን?" አለ።

ነጋሽ ወደ ኋላ አየ። ኩርባው አቧራ ውስጥ ቀርቷል።

"አለፍን።"

በድሪ አልሐምዱሊላህ አለ፤ ለራሱ ያህል ብቻ። ከዚያ እጁን አንስቶ ላሜራውን ሁለቴ መታ። በሕይወቱ መኪና ሲመታ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ መምታቱንም አላወቀበትም፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ነበር የመታው። ሀኒፋ ግን ሰማች። ነዳጅ ሰጠች።

ጎማውን አብዱናስር ወሰደው። ፌንጣዋ ሁለት ሽማግሌ ተሸክማ ከእሱ ዘገየች፤ ግን ብዙም አልነበረም። አብዱናስር ራሱ መጥቶ ገመዱን ፈታላቸው፤ "ለከርሞ እኔም አባቴን ነው የምጭነው" አለ። በድሪ፣ "አባትህ ቀጭን ነው፣ አክስትህን ጫን" አለው።

ወደ ቤት የመለሰቻቸው ሀኒፋ ናት። ሁለቱ አሁንም ከኋላ ናቸው፣ ያለ ገመድ። የግቢው በር ጋ ሲደርሱ አንዱ ክንፍ ብቻ ነበር የተከፈተው። በድሪ ላሜራውን አንዴ መታ። ሀኒፋ ቆመች።

ወረደ። ወደ በሩ ሄደ። በግራ በኩል ያለውን፣ የገጨውን ክንፍ፣ በእጁ ዳብሶ መወርወሪያውን አገኘና ሳበው። ገፍቶ እስከ ግድግዳው ከፈተው። መሀል ላይ ቆሞ ጭንቅላቱን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሮ ለካው።

"ሰፊ ነው" አለ።

ነጋሽ ሁለቴ መታ።